ስሙን ሳይሆን የበርሜሉን ሆድ አንብቡ፦ የአሮጌ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ሠሪና ዘመን

ከእንጦጦ ጀርባ በሱሉልታ፣ ወይም ወደ ሆለታ በሚወስደው መንገድ ዳር ባሉ አሮጌ ቤቶች ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ ሲገኝ «የአድዋ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ሊሆን ይችላል። ከአድዋ በኋላ የተሠራ ሆኖ ሲገኝ ግን ቤተሰቡ ይቀየማል። ስለዚህ ወሬው ይቆይና ብረቱ ይጠየቅ።

በመጀመሪያ ባዶነቱ ይረጋገጥ። ከኋላ የሚከፈት ከሆነ ቀላል ነው። ከአፉ የሚጎርሰው ግን አያስታውቅም፤ ባሩድ በደረቅ ቦታ ዘመን ቢቆጥርም አይሞትም። ቀጭን የእንጨት ዘንግ እስከ ታች አስገቡና አፉ ጋ በጠመኔ ምልክት አድርጉበት። ከዚያ አውጥታችሁ በበርሜሉ ውጭ አስተያዩት። የዘንጉ ጫፍ መዶሻው ከሚያርፍበት ቦታ ጥቂት ጣት ከቀረው ውስጡ ጎርሷል ማለት ነው። እዚያው አቁሙና ለባለሙያ ስጡት።

ከኋላ በሚከፈተው ላይ የግራ እጅ የሚይዘውን የፊት እንጨት ስታወጡ በርሜሎቹ ከማጠፊያው ይላቀቃሉ። ገልብጧቸው። ከጥይት መጉረሻው ሥር ያለው ጠፍጣፋ ቦታ የጠመንጃው መታወቂያ ነው፤ የበርሜሉ ጥንካሬ በተፈተነበት ቤት የተመታው ማኅተም እዚያ አለ። ክረምት የከረመበት ዝገት ከሸፈነው ነጭ ጋዝ የነካ ጨርቅ ጠቅልሉበትና አሳድሩት፤ ጠዋት በለስላሳ ጨርቅ ይነሣል። የአሸዋ ወረቀትና የሽቦ ብሩሽ አታስጠጉ፤ የተፋቀ ማኅተም አይመለስም። የስልክ መብራት ከጎን አጋድማችሁ አብሩ፤ የጠመኔ ዱቄት ቀብታችሁ ብትጠርጉት ደግሞ ጉድጓዱ ውስጥ የቀረው ነጭ ፊደሉን ያወጣዋል።

አሁን ንባቡ። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ አድዋ 1896 መሆኑን ያዙ። በእንቁላል ቅርጽ ውስጥ ኢ፣ ኤል፣ ጂ የሚሉ የላቲን ፊደላት ከኮከብ ጋር ካሉ ጠመንጃው የተፈተነው በቤልጂየሟ ሊዬዥ ነው። እንቁላሉ ላይ ዘውድ ከሌለ ከ1893 በፊት ነው፤ ዘውድ ካለ ከዚያ ወዲህ። አጠገቡ ያለችው ነጠላ ፊደል የመርማሪው ናት፦ ዘውድ ከደፋች ከ1853 እስከ 1877፣ ኮከብ ካላት ከ1877 በኋላ። ዘውድ የሌለው እንቁላልና ኮከብ ያላት ፊደል አንድ ላይ ከተገኙ እንግዲህ ዘመኑ ከ1877 እስከ 1893 ባለው ውስጥ ገባ። ቤተሰቡ ስለ አድዋ ያለው ወሬ ቢያንስ በዓመት ረገድ አልወደቀም።

ከዘውድ ሥር የተጣመሩ ሁለት በትረ መንግሥት ካያችሁ በርሚንግሃም ነው፤ ይህ ማኅተም እስከ 1904 አገልግሏል። ከዘውድ ሥር የተጠላለፉ ጂና ፒ ለንደን ናቸው። ፒና ቲ ከዘውድ ጋር ከሆኑ የፈረንሳይ ፈተና ነው፤ ጭስ አልባ ባሩድንም ያመለክታል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ስም ላይ ነው። በሁለቱ በርሜሎች መካከል ባለው ጠባብ ብረት ላይ «አሲዬ ኮክሪል» ተብሎ ቢጻፍ ኮክሪል ጠመንጃ ሠሪው አይደለም፤ ብረቱ የወጣበት ፋብሪካ ነው። «ሎሼ አብራንም» በርሜል ሠሪ እንጂ ጠመንጃ ሠሪ አይደለም። «ደብልዩ ሪቻርድስ» የሚል የእንግሊዝ ስም ከላይ ተቀርጾ ሆዱ ላይ የሊዬዥ እንቁላል ከተገኘ፣ የታዋቂውን የዌስትሊ ሪቻርድስን ስም ተጠግቶ የተሸጠ የቤልጂየም ዕቃ ነው። ዘውድ ያላቸው ኤና ኤፍ ግን ኦጉስት ፍራንኮትን ያመለክታሉ፤ ይህ እውነተኛ ሠሪ ነው፣ ጥሩም ነው። 18,4 የመሰለ ቁጥር መለያ ቁጥር አይደለም፤ የበርሜሉ ውስጥ ስፋት በሚሊሜትር ነው። መለያ ቁጥሩን በበርሜሉ፣ በማጠፊያውና በፊት እንጨቱ ብረት ላይ ፈልጉ። ሦስቱ ካልተስማሙ ከሁለት ጠመንጃ የተገጣጠመ ነው።

አሠራሩ የሚሰጠው የታችኛውን ወሰን ብቻ ነው። በእያንዳንዱ በርሜል የኋላ ጫፍ ላይ እንደ ጥፍር የጠበበች ስርጉድ ካለች ከጎኑ በወጣች መርፌ የሚተኮስ ጥይት የሚጎርስ ነው፤ ይህ ዓይነት የመጣው ከ1830ዎቹ ነው። በውጭ መዶሻ የሌለውና አንሰንና ዲሊ የሠሩት ዓይነት መቆለፊያ ያለው ከ1875 አይቀድምም። ድሮ የተፈለሰፈ ነገር ግን ዘግይቶም ይሠራል፤ ርካሽ ባለ መዶሻ ጠመንጃ ከ1900 በኋላም በብዛት ወጥቷል።

በርሜሉ ላይ እንደ እንጨት ጅማት ወይም እንደ ጥምዝ ክር የሚመስል መልክ ካለ ደማስቆ ይባላል፤ ከብረትና ከአረብ ብረት ተጠምዝዞ የተበየደ ነው። ጥቁር ባሩድን ይችላል፤ የዛሬን ጥይት አታጉርሱት። ብየዳዎቹ መካከል ዝገት ተደብቆ ይበላል፣ በዓይን አይታይም። ሌላው አደጋ መጉረሻው ነው፤ ለ65 ሚሊሜትር ቀለህ በተቆፈረው ውስጥ የ70 ሚሊሜትሩ ይገባል፣ ሲተኮስ ግን አፉ የሚከፈትበት ቦታ ያጣና ግፊቱ ከልክ ያልፋል።

ፎቶ ስታነሡ ማስመሪያ አጠገቡ አድርጉ፣ እያንዳንዱን ማኅተም ለየብቻ አንሡ። ጠመንጃውን ከቤት ከማውጣታችሁ በፊት ደግሞ ፈቃዱን ተመልከቱ፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የ2012 የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፣ ፖሊስም ኬላ ላይ የአያትን ታሪክ አይሰማም።