ከሁለት ፓተርን አንድ ቀሚስ፦ ከፊት አጠር፣ ከኋላ ረዘም

ስፌት መማር ከጀመርሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። እስካሁን የሰፋኋቸው ልብሶች ሁሉ ፓተርናቸው (ጨርቅ ሲቆረጥ የምንከተለው የወረቀት ቅርጽ) ተዘጋጅቶ የተገኙ ነበሩ። በዚህ ዓመት ግን ሰውነት ላይ የማይጣበቅ፣ ፊቱ ከጉልበት በታች ጥቂት ወርዶ የሚቆም፣ ኋላው ግን ወደ ቁርጭምጭሚት የሚጠጋ ቀሚስ አማረኝ፤ እንዲህ ያለ ፓተርን ደግሞ በእጄ አልነበረም። ስለዚህ ከአንድ ልቅ ሸሚዝና ወደ ታች ሰፋ እያለ ከሚሄድ ጉርድ አንድ ቀሚስ ለማውጣት ተነሣሁ። ሥራው ሁለት ጊዜ ለሙከራ በአቡጀዲ፣ በሦስተኛው በዋናው ጨርቅ ተጠናቀቀ። እኔ በገባሁበት ስሕተት ሌላው እንዳይገባ የሄድሁበትን መንገድ ከነልኬቱ አስፍሬዋለሁ።

የራሴ ልኬት ደረት 92፣ ወገብ 72፣ ዳሌ 100 ሴንቲ ሜትር ነው። የሸሚዙ ፓተርን ተሰፍቶ ሲያልቅ ደረቱ ላይ 108፣ ወገቡ ላይ ደግሞ 106 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ከደረቴ ጋር ያለው የ16 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ነው እንግዲህ ልቅነቱን የሚሰጠው። ጉርዱ ግን ወገቡን ይዞ እንዲቆም የተቀየሰ ስለሆነ ተሰፍቶ ሲያልቅ ወገቡ 74 ብቻ ነው። በ106 እና በ74 መካከል ያለው የ32 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ያስከተለብኝን ጣጣ ወደ ታች እናገራለሁ።

ከዚያ በፊት ግን ስለ ሁለት ጥቃቅን ነገሮች ላንሣ። የሸሚዙን ፓተርን ከኢንተርኔት አውርጄ ኅትመት ቤት ሳሳትመው፣ ገጹ ላይ ለመፈተኛ የተቀመጠችው ባለ 10 ሴንቲ ሜትር ካሬ በማስመሪያ ስትለካ 9.6 ሆና ተገኘች። አታሚው ወረቀቱ ላይ እንዲገጥም ብሎ አሳንሶታል። በዚያው ብቆርጠው ኖሮ 108 የነበረው ደረት ወደ 104 ገደማ ይወርድ ነበር፤ በሙሉ መጠኑ እንዲታተም አድርጌ እንደገና ወሰድሁት። የጉርዱን ፓተርን ያገኘሁት ቡርዳ ከሚባለው የስፌት መጽሔት የቆየ እትም ነው። በመጽሔቱ ትልቅ ወረቀት ላይ ብዙ ልብሶች እላይ በላይ ስለሚሰመሩ የራስን መስመር በስስ ወረቀት ገልብጦ ማውጣት ያስፈልጋል፤ መስመሩም የስፌት ትርፍ (ለስፌቱ ተብሎ ከልኬቱ ውጭ የሚተው ጨርቅ) የለውም። የሸሚዙ ፓተርን 1.5 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ስለነበረው እኔ የጉርዱም እንደዚያው መስሎኝ መስመሩን ተከትዬ ቆረጥሁ። ሁለቱ የጎን ስፌቶች ከፊትና ከኋላ አንዳንድ ተኩል፣ በድምሩ 6 ሴንቲ ሜትር በሉብኝና የጉርዱ ወገብ 68 ሆኖ አረፈው። ማብራሪያውን ባለማንበቤ የመጣ የራሴ ጥፋት ነው።

በመጀመሪያው አቡጀዲ ላይ ክፍተቱን ለመዝጋት የሸሚዙን ወገብ በክር ሸብሽቤ ወደ ጉርዱ አጠበብሁት። ውጤቱ አያምርም ነበር፤ ጨርቁ ወገቤ ዙሪያ እንደ ኳስ ተነፍቶ ቆመ፣ ወገቡም ጠባብ ስለሆነ ያለ ዚፕ በዳሌዬ ማለፍ አልቻለም። ስፌቱን ተርትሬ ሳስበው ነገሩን ገልብጬ መያዜ ገባኝ። ቀሚሱ ልቅ እንዲሆን ከተፈለገ ሰፋ ማለት ያለበት ጉርዱ ነበር እንጂ ሸሚዙን ማጥበብ አልነበረብኝም።

ስለዚህ በሁለተኛው ሙከራ ጉርዱን የስፌት ትርፍ ጨምሬ እንደገና ቆረጥሁና ዳርት የምንላቸውን አራቱን የወገብ እጥፋቶች ሳልሰፋቸው ተውኋቸው። እያንዳንዳቸው 2.5 ሴንቲ ሜትር ይወስዱ ስለነበር የጉርዱ ወገብ ወዲያውኑ 84 ሆነ። ከዚያም የፊቱንም የኋላውንም ፓተርን ጨርቁ ከሚታጠፍበት የመሐል መስመር 12 ሴንቲ ሜትር አራቅሁ። ጨርቁ እጥፍ ስለሆነ እያንዳንዱ ክፍል 24፣ ሁለቱ በድምሩ 48 ሴንቲ ሜትር አገኙ፤ 132 ሴንቲ ሜትር የሆነውን ወገብ ወደ 106 ስሸበሽበው ሳይበዛ ደስ የሚል ሽንሽን ወጣው። ትርፉን ከጎን ሳይሆን ከመሐል የጨመርሁት በምክንያት ነው፤ ከጎን ቢጨመር የዳሌው ቅርጽና የጎኑ ዝንባሌ ይበላሻል፣ ከመሐል ሲጨመር ግን የጎን ስፌቱም የጨርቁ ክር አቅጣጫም እንደነበሩ ይቆያሉ። ወገቡ 106 በመሆኑ ዚፑም ቀረ፤ ቀሚሱ በራስ ይጠለቃል።

ሁለቱ ክፍሎች የሚገናኙበትን ቦታ ለማወቅ ወገቤን በቀጭን ላስቲክ አስሬ፣ የአቡጀዲውን ሸሚዝ በላዩ ለብሼ ምልክት አደረግሁ። መጋጠሚያውን ያሳረፍሁት ግን ምልክቱ ላይ ሳይሆን ከእርሱ 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጌ ነው፤ ምክንያቱም የጉርዱ ክብደት ልቅ የሆነውን የላይኛውን ክፍል ወደ ታች ይስበዋል።

ከሁሉም ብዙ ሰዓት የወሰደብኝ የታችኛው ጠርዝ ነው። ከፊትና ከኋላ የማይተካከል ጠርዝ አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920ዎቹ መጨረሻ፣ አጭሩ ፋሽን ወደ ረጅም በሚሻገርበት ጊዜ፣ የምሽት ቀሚሶች ከኋላ ዝቅ ብለው ይሰፉ ነበር። እኔ በመጀመሪያ ከወገብ ወደ ታች ፊቱን 56፣ ኋላውን 95 አደረግሁት። መስተዋት ፊት ግሩም ነበር። አቡጀዲውን እንደለበስሁ የቤታችንን ደረጃ ስወርድ ግን ኋላው ከበላዬ ባለው ደረጃ ላይ ይጎተት ጀመር፤ ታክሲ ውስጥ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ከዚህም ሌላ የኋላው ክብደት አንገቱን ወደ ኋላ እየሳበ ፊቱን ጉሮሮዬ ላይ ያስጠጋው ነበር። ኋላውን ወደ 84 ሳሳጥረው ሁለቱም ችግሮች ተቃለሉ፤ ጎኑ 66 ሆነ።

መስመሩን መጀመሪያ ያሰመርሁት በማስመሪያ ቀጥ አድርጌ ነበር። ወረቀቱ የክፍሉ ግማሽ ብቻ መሆኑንና በታጠፈ ጨርቅ ላይ እንደሚቆረጥ ረስቼ ነው፤ ጨርቁ ሲዘረጋ ከኋላ መሐል ላይ እንደ ወፍ ምንቃር ሹል ወጣ፣ ፊቱም መሐሉ ላይ ወደ ላይ ሹል ሆነ። መፍትሔው ይህ ነው፦ የፊቱንና የኋላውን ወረቀት በጎን መስመራቸው አጋጥሞ በፕላስተር ማያያዝ፤ ከዚያም ከሁለቱም እጥፋቶች የመጀመሪያውን 6 ሴንቲ ሜትር ከእጥፋቱ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ሠርቶ ማስመር፤ የቀረውን ደግሞ እጅን ሳያነሡ በለስላሳ ኩርባ በጎኑ ላይ አሳልፎ ማገናኘት። እኔ አራት ጊዜ አጥፍቼ በአምስተኛው ተሳካልኝ።

ጨርቅ ስመርጥ ዓይኔ ያረፈው አበባ የታተመበት ቪስኮስ ላይ ነበር፤ ገልብጬ ሳየው ግን ጀርባው ነጣ ያለ ነው። በእንዲህ ያለ ቀሚስ የኋላው ውስጠኛ ገጽታ ከፊት ለፊት ስለሚታይ ሁለቱም ገጹ አንድ የሆነ ጨርቅ ይመረጣል። ጥበብ ያለው የሀገር ልብስም አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ጥበቡ ቀጥ ብሎ የተሸመነ ስለሆነ ኩርባውን ሊከተል አይችልም፣ ቆርጦ መቀጠል ደግሞ የሸማኔውን ድካም ማበላሸት መሰለኝ። በመጨረሻ ሊነንና ጥጥ የተቀላቀለበት፣ ስፋቱ 150 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጨርቅ 2 ሜትር ከ50 ገዛሁ። ከመቁረጤ በፊት አጥቤ ስለካው 8 ሴንቲ ሜትር ገብቷል።

ቀሚሱ ተገጣጥሞ ጠርዙን ልሰፋ ስል ሰፈራችን ያሉ አንድ አንጋፋ ልብስ ሰፊ አይተውኝ፣ «ልጄ፣ ዛሬ አትንኪው፤ ስቀዪውና ነገ ለኪው» አሉኝ። እንዳሉት አደረግሁ። በማግስቱ ስለካው ጎንና ጎኑ፣ ጨርቁ በሰያፍ የተቆረጠበት ቦታ፣ አንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር ያህል ወርዶ ተገኘ፤ በሳሙና ምልክት አድርጌ አስተካከልሁት። ኩርባ ጠርዝ ሰፊ እጥፋት አይወድም፤ ሲታጠፍ ይጨማደዳል። ስለዚህ ከጠርዙ 6 ሚሊ ሜትር ገባ ብዬ አንድ ዙር በማሽን ሰፋሁ፣ ያንን መስመር ይዤ አጥፌ በካውያ ተኮስሁ፣ ከዚያም ደግሜ አጥፌ ጨረስሁት። ጠርዙን ብቻ ለመጨረስ አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ፈጅቶብኛል።

ቀሚሱን እስካሁን ሦስት ጊዜ ለብሼዋለሁ። የጎደለው ኪስ ነው፤ በሚቀጥለው ስሰፋ ከመጋጠሚያው 8 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብዬ በጎን ስፌቱ ውስጥ ላስገባለት አስቤያለሁ። የተዋሐደውን ፓተርን በወፍራም ካኪ ወረቀት ገልብጬ፣ በእያንዳንዱ ክፍል ላይ በቀይ እስክሪብቶ «የስፌት ትርፍ 1.5 ተጨምሮበታል» ብዬ ጽፌ አስቀምጬዋለሁ።