ከመርከብ ወርደን መኪና እስክንይዝ፦ የአላስካ ጉዟችን

እ.ኤ.አ. በ2023 ሰኔ ወር ከባለቤቴና ከእናቴ ጋር ከካናዳዋ ቫንኩቨር ተነሥተን ሰባት ቀን በመርከብ ወደ አላስካ ተጓዝን፤ ከዚያም አምስት ቀን በኪራይ መኪና ዞርን። ጉዞውን ያሰብኩት ለእናቴ ነበር። ሲያትል መጥታ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመረች ወዲህ ባሕሩ ዳር በቆምን ቁጥር «ይህ ውኃ እስከ የት ይሄዳል?» ትለኝ ስለነበር መልሱን በዓይኗ እንድታየው ፈለግሁ። የባሕሩ ክፍል ብዙ ማሰብ አላስፈለገውም፤ መኝታውም ሰዓቱም በሌሎች የተሰናዳ ነው፤ የሐዋርያት ጾም ቢሆንም አስቀድመን ስላስታወቅን የጾም ምግብ አላጣንም። ያስቸገረንም ያስተማረንም ከመርከቡ ወርደን መኪና እስክንይዝ ያለው አንድ ቀን ስለሆነ የምጽፈው በአብዛኛው ስለዚያ ቀን ነው።

ከሲያትል የሚነሡት የአላስካ መርከቦች በአብዛኛው አላስካ ደርሰው ወደ ሲያትል ይመለሳሉ፤ እዚያው አላስካ መውረድ የሚፈልግ ሰው ግን ባብዛኛው ከቫንኩቨር ይሳፈራል። ምክንያቱ እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ነው። ሕጉ በመሠረቱ በውጭ አገር የተመዘገበ መርከብ ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ያሳፈረውን መንገደኛ በሌላ የአሜሪካ ወደብ እንዳያወርድ ይከለክላል፤ ትልልቆቹ የመዝናኛ መርከቦችም ከሞላ ጎደል ሁሉም በውጭ አገር የተመዘገቡ ናቸው። ስለዚህ ጉዞው የካናዳን ድንበር በመሻገር ይጀምራል። እናቴ የምትጓዘው በኢትዮጵያ ፓስፖርትና በግሪን ካርድ ነው። የአሜሪካ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ካናዳ ለመግባት ቪዛ ባይጠየቅም ፓስፖርቱ ጊዜው ያላለፈበት መሆን አለበት፤ የእሷ ሊያልፍ ጥቂት ወራት ብቻ ቀርተውት ስለነበር ለመርከቡ ከመክፈላችን በፊት አሳደስነው። የአሜሪካው የድንበር ፍተሻ እዚያው ቫንኩቨር ወደብ ላይ ስለተጠናቀቀ አላስካ ስንወርድ ፓስፖርት የጠየቀን አልነበረም።

ትልቁን ስሕተት የሠራሁት እኔ ነኝ። በቲኬታችን ላይ የመድረሻው ወደብ «አንኮሬጅ» ተብሎ በቅንፍ ውስጥ «ሲወርድ» ተጽፎ ነበር። ሲወርድን የአላስካ ትልቋ ከተማ የአንኮሬጅ የወደብ ሰፈር አድርጌ በመቁጠር መኪናውን በአንኮሬጅ አውሮፕላን ማረፊያ፣ መርከቡ በሚደርስበት ዕለት ከጠዋቱ 4 ሰዓት እንድንረከብ አስያዝኩ። ሲወርድ ግን ከአንኮሬጅ 204 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በተራራና በባሕር መካከል የምትገኝ ራሷን የቻለች ትንሽ ከተማ ናት። ይህን ያወቅሁት መርከቡ በመንገዳችን ባለችው የአላስካ ወደብ በጁኖ ቆሞ ሳለ ባለቤቴ ካርታ ዘርግታ «በየት በኩል ነው የምንወጣው?» ብላ ስትጠይቀኝ ነው። ወዲያው ወደ ምድር ወርጄ ለመኪና አከራዩ ደወልኩ፤ የመረከቢያውን ሰዓት ወደ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት አዛወሩልኝ። በሰዓቱ ያልመጣ ተከራይ መኪናው ለሌላ ሊሰጥበት ስለሚችልና በበጋ አላስካ ውስጥ ትርፍ መኪና ማግኘት ስለሚከብድ፣ ስልኩን ባልደውል ኖሮ የቀረው ጉዞ በሙሉ ይፈርስ ነበር። ሲወርድ ውስጥም ፈልጌ ነበር፤ ለቀናችን የቀረ መኪና አልነበረም። ከሲወርድ የሚነሣው መደበኛው ባቡር ደግሞ የምሽት 12 ሰዓት ባቡር ስለሆነ የቀረን አውቶቡስ ብቻ ነበር።

አንዳንድ መርከቦች የሚያራግፉት ዊቲየር በተባለች ሌላ ወደብ ነው፤ እሷም በቲኬት ላይ «አንኮሬጅ» ልትባል ትችላለች። ከዊቲየር የሚያስወጣው 4 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ዋሻ ባለ አንድ መስመር ሲሆን መኪናና ባቡር በየተራ ያልፉበታል። ለሚወጡ መኪኖች የሚከፈተው በሰዓት አንድ ጊዜ ስለሆነ ያመለጠው ሰው ቀጣዩን ተራ መጠበቅ አለበት።

የመጨረሻው ሌሊት ሻንጣዎች መለያ ታስሮባቸው ከክፍሉ በር ውጭ ይቀመጣሉ፤ ሠራተኞች ይሰበስቧቸዋል፣ ባለቤቶቻቸውም የሚያገኟቸው በማግስቱ ወደቡ ላይ ነው። የእናቴ የደም ግፊት መድኃኒት በትልቁ ሻንጣ ውስጥ መሄዱን ያወቅነው ከተወሰደ በኋላ ነበር። ሠራተኞቹ በትሕትና ፈልገው አመጡልን፤ እስከዚያው ግን እኩለ ሌሊት አለፈ። መድኃኒት፣ ሰነድና ወፍራም ልብስ በእጅ ቦርሳ ማደር እንዳለባቸው የተማርኩት በዚያ ሌሊት ነው።

በመጀመሪያው ዕቅዴ በዚያው ዕለት መኪናውን ተረክበን 380 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን፣ ወደ ዴናሊ ተራራና ብሔራዊ ፓርክ ልንነዳ ነበር። ሦስታችንም በቂ እንቅልፍ ስላልነበረን በአውቶቡሱ ውስጥ እያንጎላጀጅን አንኮሬጅ ደረስን፤ እናቴም «ልጄ፣ ዛሬ እዚሁ እንደር» አለችኝ። እሺ ያልኳት ቅር እያለኝ ነው። በዚያ ወር አንኮሬጅ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 5 ሰዓት ተኩል በኋላ ስለሆነ ብርሃኑ «ገና ነው፣ ንዳ» ያሰኛል፤ የደከመ ሾፌር ላይ ከዚህ የከፋ አደጋ አላውቅም። ዴናሊን ሁለት ቀን አዘገየነው። ስንደርስም ተራራው ደመና ለብሶ ነበር፤ በግል መኪና የሚፈቀደው የፓርኩ መንገድም 24 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ቶሎ ተመለስን።

አንኮሬጅ ባደርን ማግስት ያደረግነው ግን በዕቅዱ ውስጥ ያልነበረ ነው፤ በአውቶቡስ ተኝተን ያለፍንበትን መንገድ በራሳችን መኪና ወደ ሲወርድ ተመለስንበት። መንገዱ ተርንአጌይን የተባለውን የባሕር ክንድ ይከተላል። ስሙ «እንደገና ተመለስ» እንደማለት ሲሆን የመጣው ካፒቴን ጄምስ ኩክ እ.ኤ.አ. በ1778 መውጫ ፈልጎ ስላጣና ስለተመለሰ ነው። ፖርቴጅ አካባቢ የደረቁ ዛፎች ቆመው አየን። እ.ኤ.አ. መጋቢት 27 ቀን 1964 የደረሰው መጠኑ 9.2 የተባለው የመሬት መንቀጥቀጥ ምድሩን ዝቅ ስላደረገው ጨዋማ ውኃ ሥራቸው ድረስ ገብቶ የገደላቸው ናቸው። እናቴ ወደ ባሕሩ ጭቃ ልትወርድ ፈልጋ ከለከልኳት፤ ጭቃው እግር ይዞ ስለማይለቅ የሸሸው የባሕር ውኃ ተመልሶ ሲሞላ ሰው ይገድላል። በዚህ መንገድ ቀንም ቢሆን መብራት ማብራት ግዴታ ነው። ከኋላ አምስት መኪኖች ከተሰለፉም ቀስ ብሎ የሚሄደው ዳር ይዞ ማሳለፍ አለበት፤ እኛም ደጋግመን አሳለፍን፣ ባሳለፍን ቁጥርም እናቴ የምታየው አላጣችም።

ሲወርድ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን ኤግዚት ወደተባለው የበረዶ ግግር የሚወስደውን መንገድ ያዝን። በዚያ ሥፍራ ግግሩ በየዘመኑ የደረሰበትን ቦታ የሚያሳዩ ዓመተ ምሕረት የተጻፈባቸው ምልክቶች ተተክለዋል። 1951 የሚለው አጠገብ ስንደርስ እናቴ ቆመች።

«ይህ በእኛ ስንት ነው?»

«1943።»

የተወለደችበት ዓመት ነው። ዙሪያችን ዛፍ እንጂ በረዶ አልነበረም። እጇን ምልክቱ ላይ አሳርፋ ጥቂት ቆየችና ከዘራዋን ይዛ ወደ መመልከቻው በሚወስደው መንገድ ቀድማኝ መራመድ ጀመረች። በረዶው እስኪታየን ድረስ በእሷ እርምጃ ሄድን።