መጥገብና መራባት ለየቅል

ላብራቶሪ ውስጥ የማረባው አካርቲያ ቶንሳ የምትባለዋን ኮፔፖድ ነው፤ ኮፔፖድ ማለት የሽሪምፕ ዘመድ የሆነች ደቃቅ የውሃ እንስሳ ናት። አድጋም ርዝመቷ 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። እሷ ደቃቅ አልጌ ትበላለች፤ እሷን ደግሞ የዓሣ ጫጩቶች ይበሏታል።

ቤቷን ማሰናዳት ብዙም አያስቸግርም። የተጣራ የባሕር ውሃ፣ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሙቀትና ቀስ ብሎ የሚወጣ ትልልቅ የአየር አረፋ ይበቃታል። ደቃቅ አረፋ ሰውነቷ ላይ እየተለጠፈ ወደ ላይ ይዟት ይወጣል።

ራስ ምታቱ ምግቡ ነው። ለአንዱ ጠርሙስ ቀላ ያለውን ሮዶሞናስ የተባለ አልጌ፣ ለሌላው አረንጓዴውን ዱናሊየላ ሰጠሁ። ምን ያህል እንደበላች ለማወቅ የአልጌውን ሴሎች በማይክሮስኮፕ ቆጥሬ እጀምራለሁ፤ በነጋታው እደግማለሁ። ጎን ለጎን ኮፔፖድ የሌለበት ጠርሙስ የግድ ነው። አልጌው ራሱ ሲባዛ ስለሚያድር፣ ያለዚያ ልፋቱን ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው። ጠርሙሶቹ በዝግታ የሚሽከረከር ጎማ ላይ ይታሰራሉ፤ አልጌው እንዳይዘቅጥ።

እኔ የምወደው መለኪያ ግን ኩሷን ነው። አትሳቁ! በስስ ሽፋን የተጠቀለለ ሞላላ ነገር ነው፤ የበላችው አልጌ ቀለም ይታይበታል። የጠርሙሱን ታች አንዴ ማየት ምሳ መብላቷን ይነግራል። በሁለቱም ጠርሙሶች ሞልቶ ነበር። እሰየው፣ ሁሉም ጠግቧል።

እንቁላሉ ላይ ነው ነገሩ የተለየው። አካርቲያ እንቁላሏን አትሸከምም፣ ውሃ ውስጥ ትለቀዋለች። ካገኘችው ደግሞ መልሳ ትበላዋለች። ስለዚህ ሥሩ ቀዳዳው 200 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር አንድ አምስተኛ) የሆነ ወንፊት ያለው ቱቦ ውስጥ አስቀምጣታለሁ። 80 ማይክሮሜትር ገደማ የሆነው እንቁላል ሾልኮ ይወርዳል፣ እናትየው ከላይ ትቀራለች። ወንዶቹንም አብሬ እተዋለሁ፤ ደጋግማ ከወንድ ካልተገናኘች እንቁላሏ መና ይቀራል።

ከሁለት ቀን በኋላ በሮዶሞናሱ ሳህን ናፕሊየስ የሚባሉት እጮች ወዲያ ወዲህ ይስፈነጠራሉ። በዱናሊየላው ሳህን እንቁላሉም ያነሰ፣ ብዙውም ያልተፈለፈለ። ዱናሊየላ ለእንቁላሉ የሚያስፈልገው ዲኤችኤ የሚባለው ፋቲ አሲድ (የስብ ዓይነት) የለውም፤ ኮፔፖዷም ከሌላ ስብ እንደልቧ አትሠራውም።

ከዚያ ወዲህ የእንቁላል ቁጥር ብቻውን አያስደስተኝም፤ የተፈለፈለውን እቆጥራለሁ። ምግብ ስቀይርም ያን ዕለት እንቁላል አልሰበስብም። አካርቲያ ብዙ ስብ አታጠራቅምም፤ ቢሆንም የትናንቱ ምግብ እንቁላሏ ላይ ትንሽ መቆየቱ አይቀርም። ጥቂት ቀን ካስለመድኳት በኋላ ነው መቁጠር የምጀምረው።