ትልቅ መርከብ ወይስ ትንሽ?

በትልቅ የመዝናኛ መርከብ እየተጓዝን ነው፤ ዛሬ ሙሉ ቀን ባሕር ላይ ነበርን። ጠዋት የላይኛው ወለል ላይ ብቻዬን ቆሜ ውሃውን ሳይ ቆየሁ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ምሳ ሰዓት ላይ ግን ሰልፍ ነው። መቀመጫ ፍለጋ ብቻ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ።

ልጆች ላሉት ሰው እንደ ሮያል ካሪቢያን ኩባንያ መርከቦች ያለ ግዙፍ መርከብ ይሻላል እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ የጀመረው የኩባንያው መርከብ አይከን ኦፍ ዘ ሲስ 20 ወለል አለው፤ የውሃ መንሸራተቻው ብቻ ልጆችን ቀኑን ሙሉ ያውላል። ቫይኪንግ የተባለው ኩባንያ የባሕር መርከቦች ደግሞ የሚጭኑት ከ1,000 ያነሰ ተሳፋሪ ነው። ካሲኖ የላቸውም፣ ከ18 ዓመት በታችም አይሳፈርም።

እኔ የምፈልገው ጸጥታ ነው፤ ቀጣዩ ጉዞዬ በትንሽ መርከብ ይሆናል። ዋጋ ስታወዳድሩ ቲፕና ኢንተርኔት መካተታቸውን አደራ እዩ። እናንተስ የትኛውን ሞከራችሁ?