ቤት ውስጥ ምን ብለሽ ነው የምትጠሪው?

ስፓኒሽ የተማርኩት ኩባ ነው። በ1972 ዓ.ም. ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ፣ እኛ «የወጣቶች ደሴት» የምንላት ቦታ ስንደርስ የ12 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ብዙዎቻችን አባቶቻችንን በሶማሊያ ጦርነት ያጣን ልጆች ነን። ግማሹን ቀን እንማራለን፣ ግማሹን ቀን ብርቱካንና ግሬፕፍሩት እንለቅማለን።

ከመጽሐፍ የተማርነው ማድሬ እና ፓድሬ የሚሉትን ቃላት ነው። እናትና አባት። ደሴቷ ላይ ግን እናቱን ማድሬ ብሎ የሚጠራ ልጅ አልሰማሁም። የኩባ ልጅ እናቱን ሚማ፣ አባቱን ፒፖ ይላል። ጎረምሳ ሲሆን ደግሞ ስለ እናቱ ሲያወራ «ላ ፑራ» ነው የሚለው። ንጽሕቷ እንደማለት ነው። አባት «ኤል ፑሮ» ነው። ይቺ ፑራ የምትባል ቃል ልቤ ውስጥ ገባች። እናቴን የማገኛት በደብዳቤ ብቻ ነበር፤ እሱም ሲደርስ ነው። «ላ ፑራ ጻፈችልኝ» ብዬ ለጓደኞቼ ስነግር ግን አጠገቤ ያለች ይመስለኝ ነበር።

ዛሬ የምኖረው ማድሪድ ነው። አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ውስጥ እሠራለሁ። አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አጎርሳለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ ከኢኳዶር፣ ከኮሎምቢያ፣ ከቺሊ፣ ከሜክሲኮ የመጡ ናቸው። ሁላችንም ስፓኒሽ እንናገራለን። ስለ ሥራ ስናወራ ችግር የለም። ስለ ቤተሰብ ማውራት ስንጀምር ነው መደነጋገር የሚመጣው።

መጀመሪያ የገጠመኝ «ጓጓ» ነው። በእኛ ቋንቋ ጓጓ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ልቡ ፈለገ፣ ተመኘ ነው። ኩባ ውስጥ ግን ጓጓ አውቶቡስ ነው። በካናሪ ደሴቶችም እንደዚሁ። አንድ ሌሊት ከኢኳዶር ዋና ከተማ ከኪቶ የመጣችው ባልደረባዬ አይኗ ቀልቶ ገባችና «ጓጓዬን ትኩሳት ይዟት አላስተኛችኝም» አለችኝ። ቆሜ አየኋት። በእነሱ አገር ጓጓ ሕፃን ልጅ ነው። ቃሉ ከኬችዋ፣ ከአንዲስ ተራሮች ነባር ሕዝቦች ቋንቋ የመጣ ሲሆን እስከ ቺሊ ድረስ ይሠራበታል። ኢኳዶር ውስጥ የሙታን ቀን ሲከበር በሕፃን ቅርጽ የሚጋገር ዳቦ አለ፤ እሱንም ጓጓ ይሉታል። ወንድሟን ደግሞ «ኛኞ» ነው የምትለው። ሌላዋን ባልደረባችንን «ኮማድሬ» ትላታለች፤ ልጇን ክርስትና ያነሳችላት እሷ ናት። ይሄኛው አላስቸገረኝም። አበ ልጅ ማለት ነው።

ኮሎምቢያዊቷ የቦጎታ ሰው ናት። በእረፍት ሰዓት ለ6 ዓመት ልጇ ትደውላለች። «ማሚ፣ ኡስቴድ ያ ኮሚዮ?» ትላታለች። በቀጥታ ካየነው «እማዬ፣ እርስዎ በልተዋል?» ነው። ስፔን ውስጥ ኡስቴድ ለማያውቁት ሰው ወይም ለሽማግሌ የሚባል ነው። እነሱ ጋ ግን እናት ልጇን አንቱ ትላለች፤ ባል ሚስቱን፣ ወንድም ወንድሙን አንቱ ይላል። ርቀት የለበትም፣ ሙቀት ነው ያለው። ልጅን እማዬ ማለቱ ደግሞ የእኛም ነው። የእኛ እናቶችስ ልጃቸውን «እናቴ»፣ «አባቴ» ይሉ የለ? ስልኩን በሰማሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ከሜክሲኳዊቷ ጋር ግን ተቀያይሜ ነበር። ወጥ ቤት ነው የምትሠራው። እናቷ መታመሟን ሰምቼ «ማድሬሽ እንዴት ናት?» አልኳት። ፊቷ ተለወጠ። ምንም አልመለሰችልኝም። ስፔን ውስጥ ትልቅ ሰው «ሚ ማድሬ» ነው የሚለው፤ «ሚ ማማ» ያለ እንደሆነ የልጅ አነጋገር ይሆንበታል። ሜክሲኮ ውስጥ ግን ማድሬ የምትለው ቃል በስድብ ተበልታለች። የማይረባ ነገር በማድሬ ይነገራል፣ ዱላም በማድሬ ይነገራል። ጥሩ ነገር ግን «ኬ ፓድሬ!» ነው፤ አባት ማለት «አሪፍ» ሆኗል። ስለዚህ የሰው እናት ሲጠየቅ «ቱ ማማ» ይባላል። ይህን ያስረዳችኝ በሳምንቱ ነው፣ ድንች እየላጠች። «እንዳላወቅህ ገብቶኛል፤ ጆሮዬ ግን እሺ አላለኝም» አለችኝ። እዚያው አገር የእናቶች ቀን ሁሌም ግንቦት 2 ነው፣ በፈረንጆች ሜይ 10። በየትኛውም ዕለት ቢውል ቀኑ አይለወጥም። በዚያ ቀን ፈረቃ አትገባም፤ ሙሉ ቀን ስልክ ላይ ናት።

መንታ ለሚለው ቃል ኩባ ሂማጓስ፣ ሜክሲኮ ኳቴስ፣ ቬንዙዌላ ሞሮቾስ ይላሉ። አርጀንቲና ሄዳችሁ ሞሮቾ ብትሉ ግን ጠይም ወይም ጠጉረ ጥቁር ሰው ነው የሚፈልጉላችሁ። የመጨረሻ ልጅ ስፔን ውስጥ ቤንሃሚን ነው፤ ከመጽሐፍ ቅዱሱ ብንያም የተወሰደ። ቺሊ ውስጥ ኮንቾ ነው፤ ከመጠጥ ሥር የሚቀረው ዝቃጭ ማለት ነው። ቁልምጫ ነው፣ ስድብ አይደለም።

ቺሊያዊቷን ሳነሳ አሁንም ይቆጨኛል። አንድ ጠዋት ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ አገኘኋት። «ሴ ሙሪዮ ሚ ታታ» አለችኝ። ታታዬ ሞተ፣ ወይም ሞተች፤ ከዓረፍተ ነገሩ ጾታው አይለይም። ቃሉን አላውቀውም ነበር። አንዷን ስፔናዊት ስጠይቃት «ታታ ሞግዚት ናት» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እዚህ አገር ሞግዚት ወይም ታላቅ እህት ማለት ነው። እኔም በልጅነቷ የያዘቻት ሞግዚት መስላኝ «አይዞሽ» ብያት ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ፈረቃ የሸፈነላት ሰው የለም። ተሰባስቦ ያስተዛዘናትም የለም። የዚያን ዕለት ስምንት ሰው አጥባለች።

በሦስተኛው ቀን ስልኳ ላይ ፎቶ አሳየችኝ። ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ፣ በእጃቸው አንዲት ትንሽ ልጅ ይዘዋል። የልጅቷ አንድ ጫማ ተፈትቷል። ቺሊ ውስጥ ታታ አያት ነው፣ ወንድ አያት። እናቷ ከተማ ሥራ ስትሄድ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ለአባት ያህል ሰው ነበር ያዘነችው። አባት ማጣት ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም? ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ አንዲት ቃል ናት ያሳተችኝ።

ከዚያ ወዲህ ሁሉንም ሰው እጠይቃለሁ። «ቤት ውስጥ ምን ብለሽ ነው የምትጠሪው?» እላለሁ። አዲስ አረጋዊ ሲገባም ልጆቹን ይህንኑ እጠይቃለሁ። በየክልሉ የማይለወጥ ነገር የለም። ከሳራጎሳ የመጡ አንዲት እናት ማታ ማታ «ያያ» እያሉ ይጣራሉ። ያያ ሴት አያት ናት፤ በአራጎን፣ በካታሎኒያና በቫሌንሲያ እንዲህ ነው የምትጠራው። አርጀንቲናዊ ቢሆኑ «ኖና» ብለው በተጣሩ ነበር፤ ከጣሊያን ስደተኞች የቀረ ቃል ነው። ያያን ሲጣሩ «ያያ ተኝታለች፣ እርስዎም ይተኙ» እላቸዋለሁ። ይተኛሉ።

የጎብኚዎች መዝገባችን ላይ ዝምድና የሚሞላበት ቦታ አለ። አንድ ሰው «ኢሆ ፖሊቲኮ» ብሎ ጻፈ። ፖለቲካዊ ልጅ! አማች ማለት ነው ለካ፤ በጋብቻ የመጣ ዘመድ ሁሉ በመደበኛው አጠራር ፖለቲካዊ ቤተሰብ ነው። ይሄን ቃል ግን ማንም አፉ ላይ ሲያደርገው አልሰማሁም፣ ወረቀት ላይ ነው ያለው።

አሁን የምጽፈው ስለ አንድ ከቫሌንሲያ የመጡ ሽማግሌ ነው። 91 ዓመታቸው ነው። ብዙ ነገር ረስተዋል። ጢማቸውን የምላጫቸው እኔ ነኝ። ለወራት ስሜን ጠርተውኝ አያውቁም፤ «ይስሙኝ» ነበር የሚሉኝ፣ በአንቱታ። ባለፈው ወር አንድ ጠዋት ሳሙናውን እየቀባኋቸው «ቴቴ፣ ጆሮዬን እንዳትቆርጠኝ» አሉ። ቴቴ? ጥርሳቸው ስለሌለ የተንተባተቡ መሰለኝ። በማግስቱም ቴቴ አሉኝ። በሦስተኛውም ቀን።

እሑድ ልጃቸው ስትመጣ ጠየቅኋት። «አባትሽ ቤት ውስጥ ቴቴ የሚሉት ማንን ነው?» ቦርሳዋን እንደያዘች ቆመች። ቫሌንሲያ ውስጥ ልጆች ወንድማቸውን ቴቴ ይላሉ። ታላቅም ታናሽም፣ እርስ በርስ ነው የሚባባሉት። አባቷ አንድ ታላቅ ወንድም ነበራቸው። ሁለቱ እስኪሸመግሉ ድረስ በስማቸው ተጠራርተው አያውቁም። ወንድምየው ከሞተ 20 ዓመት አልፎታል። «ከዚያ ወዲህ ቃሉን ሲሉት አልሰማሁም» አለችኝ።

ሰኞ ጠዋት ውሃ አሙቄ፣ ፎጣ አንገታቸው ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ።

«ቴቴ፣ ውሃው ያቃጥላል?» አሉኝ።

«አያቃጥልም ቴቴ» አልኳቸው። «ለብ ያለ ነው።»