ዋልያን ተከትለን ኔልስፕሩት

ኔልስፕሩት ከጆሃንስበርግ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፣ ወደ ሞዛምቢክ ድንበር በሚወስደው ኤን ፎር በሚሉት መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ጆሃንስበርግ መሀል ጄፒ የሚባለው የሐበሻ ገበያ ሰፈር ለምንሰራ ሐበሾች ድሮ ብዙም ጉዳያችን አልነበረችም። የ2005ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ድልድል ወጥቶ ኢትዮጵያ ከዛምቢያ፣ ከናይጄሪያና ከቡርኪናፋሶ ጋር ምድብ ሲ ስትገባና የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጨዋታዎች እዛ እንደሆኑ ሲታወቅ ግን በቃ ሌላ ወሬ ጠፋ፣ ሜዲካል አርትስ ህንፃ ላይ እቃ የሚያወርደውም፣ ምግብ ቤት ቡና የምታፈላዋም፣ ሎኬሽን ከሚባለው ከከተማ ዳር የጥቁሮች ሰፈር ለሱቁ እቃ ሊገዛ የመጣውም የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፣ "ኔልስፕሩት በምንድነው የምትሄዱት?"

31 አመት እኮ ነው የጠበቅነው! ከዛ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ያለፍነው በ1974 ሊቢያ ላይ ለተደረገው ነው፣ እኔም ባሱ ውስጥ የነበረው አብዛኛው ልጅም ከዛ በኋላ ነው የተወለድነው። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ከሱዳን ጋር የነበረውን የማጣሪያ የመልስ ጨዋታ ጄፒ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ቦታ ጠፍቶ ቆመን ነው ያየነው፣ ኦምዱርማን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን ስለነበር ከሜዳችን ውጪ ባገባነው ጎል ብልጫ 2 ለ 0 ያሳልፈናል፣ አዳነ ግርማ አገባ፣ ሳላዲን ሰኢድ ደገመ፣ አለቀ። ሰው ወንበር ላይ ወጥቶ ሲያለቅስ ያየሁት የዛን ቀን ነው። ዋንጫው ደሞ ሌላ አገር ሳይሆን እኛ ያለንበት አገር ሆነና የአመታት ናፍቆት በእግሩ ተነስቶ ወደኛ የመጣ ያህል ተሰማን።

ጨዋታው ሰኞ ጥር 13 ቀን 2005 ነበር፣ ቅዳሜ ጥምቀት እሁድ ቃና ዘገሊላ ስለነበር የበአሉን ልብስ ሳናጥፍ ማልያ ለበስን ማለት ይቻላል። ሌሊት 10 ሰአት ላይ ጄፒ አካባቢ ባሶቹ ተደርድረው ነበር፣ ኳንተም ሚኒባስ የተከራየም አለ፣ በራሱ መኪና አምስት ሰው ጭኖ የሚሄድም አለ። ሰዉ ከየት እንደመጣ ብትጠይቁ ከፕሪቶሪያ፣ ከፖሎክዋኔ፣ ከደርባን፣ ከፖርት ኤልዛቤት፣ እሁድ ሙሉ ቀን ሲነዱ ውለው የደረሱ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ያለው ሐበሻ ብዙው ከሆሳዕና፣ ከዱራሜ፣ ከዛ አካባቢ የመጣ ነው፣ ስለዚህ ባሱ ውስጥ ሐድይኛው፣ ከምባትኛው፣ ወላይትኛው፣ ኦሮምኛው፣ አማርኛው ተደባልቆ ነው የሚሰማው፣ ጭፈራው ሲነሳ ግን ሁሉም ያውቀዋል። ባንዲራውም ልሙጡም ባለኮከቡም ነበር፣ የዛን ቀን ማንም ማንንም አልጠየቀም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፣ ሎኬሽን ውስጥ ሱቅ ያለው ልጅ ሰኞ ቀን ሱቁን ዘግቶ መሄድ ቀላል ነገር አይደለም። የተዘጋ ሱቅ ይሰበራል። ክፍት ሆኖም ይዘረፋል። ልጆቹ አብዛኛውን ቀን የሚያሳልፉት ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆመው ነው፣ ዳቦውንም ኤርታይም የሚሉትን የስልክ ካርድም በዛች ቀዳዳ እያቀበሉ፣ እንቅልፋቸውም እዛው ሱቅ ውስጥ ነው። በ2000 ግንቦት ላይ በውጭ አገር ሰው ላይ የተነሳውን ጥቃት በአይናቸው ያዩ ባሱ ውስጥ ነበሩ፣ ከዛ ወዲህ መንገድ ላይ ድምፅን ዝቅ አድርጎ መሄድ፣ በአማርኛ ስልክ አለማውራት፣ እንደ ውጭ አገር ሰው አለመታየት ልማድ ሆኗል። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ፊቱን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ተቀብቶ "እዚህ አገር ከመጣሁ እንደዚህ ሆኜ መንገድ ላይ ወጥቼ አላውቅም" አለኝ። እኔም ወጥቼ አላውቅም።

ዊትባንክ ስንደርስ ነጋ፣ እነዛ ከሰል የሚያነዱ የመብራት ኃይል ማመንጫዎች ጭሳቸው ሜዳው ላይ ተጋድሞ ይታያል። ከዛ በኋላ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ ግራና ቀኙ የበቆሎ እርሻ፣ ሚድልበርግ ላይ የቶል ክፍያ፣ ከዛ አለፍ ብሎ ደሞ ሁሉም የሚቆምበት ትልቅ ማደያ አለ፣ አልዙ ይባላል፣ ከህንፃው ጀርባ ባለው ግቢ አውራሪስና ጎሽ ሲግጥ ታያላችሁ። እዛ ስንቆም ግቢው በሙሉ ሐበሻ ነበር። መኪና ከመኪና ሰላምታ፣ አመታት ያልተያዩ ሰዎች ተገናኝተው ሲሳሳሙ፣ በረሃውን አብረው አቋርጠው ማላዊ ላይ የተለያዩ ልጆች እዛ ማደያ ተገናኝተው አንዱ ሌላውን ሞቷል ብሎ አስቦ ነበርና ሁለቱም ተቃቅፈው ቀሩ፣ ሹፌሩ ክላክስ ሲያደርግ እንኳ አልተላቀቁም። ስለ ጉዞው ሳስብ ከጎሉም በፊት ትዝ የሚለኝ እሱ ነው።

ከኛ ጋር አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው፣ አዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋ የሚባለው የደጋፊ ቦታ ቁጭ ብለው ያደጉ ሰው ናቸው። ከማደያው እንደወጣን ማይኩን ተቀበሉና "ልጆች፣ እስቲ ትንሽ ስሙኝ" አሉ። በ1949 ካርቱም ላይ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሲዘጋጅ አራት አገሮች ነበሩ፣ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያ፣ ደቡብ አፍሪካ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም ስትል ታገደች፣ ከሷ ጋር ልትጫወት የነበረችው ኢትዮጵያ ነበረች፣ ያለ ጨዋታ ፍፃሜ ገብታ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። በ1954 ደሞ አዲስ አበባ ላይ እነ መንግስቱ ወርቁ ያንኑ የግብፅን ቡድን 4 ለ 2 አሸንፈው ዋንጫውን በሉ። ከዛ ይድነቃቸው ተሰማ ከ1964 ጀምሮ እስከ ህይወታቸው ፍፃሜ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን፣ ካፍን፣ ሲመሩ አፓርታይድ እስካለ ድረስ ይቺ አገር ወደ ኳሱ እንዳትመለስ ታግለዋል። ጋሼ ይሄን ሁሉ ከነገሩን በኋላ "አሁን የምትሄዱት እንግዳ ሆናችሁ አይደለም፣ ለዚህ አገር ኳስ ውለታ የዋለ አገር ልጆች ናችሁ፣ ቀና ብላችሁ ግቡ" አሉ። ባሱ ለትንሽ ጊዜ ዝም አለና ከኋላ አንዱ "ኢትዮጵያ!" ሲል ተነሳ በቃ፣ እስከ ማቻዶዶርፕ አላቆመም።

ከማቻዶዶርፕ በኋላ መንገዱ ይወርዳል፣ ከደጋው ወደ ቆላው፣ ተራራው አረንጓዴ ይሆናል፣ የብርቱካን እርሻ ይመጣል፣ ሙቀቱም ይመጣል። ኔልስፕሩት ስንገባ ላብ በላብ ነበርን። ምቦምቤላ ስታዲየም በ2002 ለተደረገው የአለም ዋንጫ የተሰራ ነው፣ ጣሪያውን የተሸከሙት 18 ምሰሶዎች በቀጭኔ ቅርፅ የተሰሩ ናቸው፣ ወንበሮቹ ደሞ የሜዳ አህያ መስመር አላቸው። ወደ 40 ሺ ሰው ነው የሚይዘው። ገብተን ዞር ዞር ስንል አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ያልሆነ ቦታ መፈለግ ነበረብን፣ የዛምቢያ ደጋፊ አንድ ጥግ ላይ ነበር፣ የቡድናቸውን ቅፅል ስም ቺፖሎፖሎ እያሉ በደንብ ይጨፍራሉ ግን ተዋጡ። ቡድኑ ለማሟሟቅ ሲወጣ ልጆቹ ቀና ብለው ትሪቡኑን ሲያዩ ፊታቸው ላይ የነበረው ነገር፣ እነሱም ይሄን ያህል ሰው አልጠበቁም መሰለኝ።

ዛምቢያ እኮ ያለፈው ዋንጫ ባለቤት ነበረች! እነ ካቶንጎ፣ አሰልጣኙ ሄርቬ ሬናርድ። ሜዳው አሸዋ የበዛበት ነበር፣ ኳስ መሬት ላይ ለሚያንሸራሽር ለኛ አይነት ቡድን አይመችም፣ ቢሆንም የአሰልጣኛችን የሰውነት ቢሻው ልጆች ሳይፈሩ ነው የጀመሩት። ፔናሊቲ አገኘን። ሳላዲን ሊመታ ሲቆም ከጎኔ ያሉት ሴቶች ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው ነበር፣ በረኛቸው ምዌኔ አዳነው። ብዙም ሳይቆይ በረኛችን ጀማል ጣሰው ከሳጥኑ ወጥቶ ኳስ ሊያወጣ ሲል እግሩን ከፍ አድርጎ ተጫዋች መታና ቀይ ካርድ። እዛ ላይ ንዴት ሆነ፣ ቩቩዜላና ጠርሙስ ወደ ሜዳ ተወረወረ፣ ጨዋታው ተቋረጠ። እኔ ይሄን አልደግፍም፣ የዛን ጊዜም አልደገፍኩም፣ አሁንም ሳስበው ይከፋኛል፣ ካርዱ ተገቢ ነበር፣ ባይሆንም እንኳ ለ31 አመት ጠብቀህ የመጣህበትን ሜዳ በጠርሙስ አትመታም። ደግነቱ ከኛው መሀል ብዙ ሰው ተነስቶ የሚወረውሩትን እጃቸውን እየያዘ አስቆመ፣ ጋሼም "ኧረ ልጆች በእናታችሁ!" እያሉ ሲለምኑ ድምፃቸው ጠፋ። የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ሲል ደሞ ምቤሱማ አገባብን።

በ10 ሰው፣ 1 ለ 0፣ ከቻምፒዮኑ ጋር። በእረፍት ሰአት ሰው ውሃ እየተካፈለ ዝም ብሎ ነበር፣ ከዛ ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር ከላይኛው ትሪቡን ጭፈራው ተነሳና መውረድ ጀመረ፣ እኛ ጋ ደረሰ፣ ዞሮ ማዶ ሄደ፣ እና ልጆቹ በ10 ሰው ኳሱን ያዙት፣ እንደዛ ሲጫወቱ አይቻቸው አላውቅም፣ ሽመልስ በቀለ ኳስ ሲቀበል ትሪቡኑ አብሮ ይተነፍሳል። 65ኛው ደቂቃ ላይ አዳነ ግርማ አገባ። ከዛ በኋላ ያለውን አንድ ሁለት ደቂቃ አላውቀውም፣ ከሶስት ረድፍ በታች ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ተቃቅፌ ነው ራሴን ያገኘሁት፣ አንዱ በሐድይኛ እየጮኸ አንገቴን ይዞኛል፣ አልገባኝም፣ ግን ምን እንደሚል አውቃለሁ። 1 ለ 1 አለቀ። ዳኛው ፊሽካ ሲነፋ ተጫዋቾቹ ወደኛ መጡ፣ ሰው ደረቱን እየመታ ያለቅሳል፣ ወጥተን በከተማው መሀል ባንዲራ ለብሰን በእግር ስንሄድ የአገሬው ሰው ከቤቱ ወጥቶ ያጨበጭብልን ነበር። ለብዙዎቻችን ይሄ አገር እንደዛ አይቶን አያውቅም።

ብዙው ሰው ግን ወዲያው አልወጣም፣ በዛው ቲኬት ናይጄሪያና ቡርኪናፋሶ ማታ ስለሚጫወቱ ቀርቶ አየ፣ ቡርኪና በጭማሪ ሰአት አገባችና እሱም 1 ለ 1 ሆነ። ስለዚህ ያን ለሊት ስንመለስ አራቱም ቡድን እኩል አንድ አንድ ነጥብ ነበረው፣ ባሱ ውስጥ እስከ ዊትባንክ ድረስ ሲሰላ የነበረው እሱ ነው፣ ቡርኪናን ካሸነፍን እንዲህ፣ ከናይጄሪያ አቻ ከወጣን እንዲያ እየተባለ።

አርብ ተመልሰን ሄድን። ስለሱ ብዙ የምለው የለም፣ በቡርኪና 4 ለ 0 ተሸነፍን። በረኛቸው በቀይ ወጥቶ በ10 ሰው ሆነውም አላቆሙም፣ አላን ትራኦሬና ፒትሮይፓ ፍጥነታቸው ሌላ ነው። ጥር 21 በአስተርእዮ ማርያም እለት ደሞ ሩስተንበርግ፣ ይሄኛው ለጆበርግ ቅርብ ነው፣ ስታዲየሙንም እናውቀዋለን፣ ግንቦት 26 ቀን 2004 ከደቡብ አፍሪካ ቡድን ከባፋና ጋር 1 ለ 1 የወጣነው እዛ ነው፣ ሳላዲን ቀድሞ አግብቶ ምፌላ ያስቆጠረብን። ናይጄሪያን እስከ 80ኛው ደቂቃ 0 ለ 0 ይዘናት ነበር፣ ከዛ ቪክቶር ሞሰስ ሁለት ፔናሊቲ፣ ሁለተኛው ላይ በረኛው ሲሳይ ባንጫ በቀይ ወጣ፣ ቅያሪ አልቆ ስለነበር ከሜዳው ተጫዋቾች አንዱ ጓንት አድርጎ በር ገባ። 2 ለ 0 ወደቅን። በኋላ ፍፃሜ ላይ የተገናኙት እነዛው ናይጄሪያና ቡርኪናፋሶ ነበሩ፣ ዋንጫውን ናይጄሪያ ወሰደች፣ ማለትም ሁለቱም የፍፃሜ ቡድኖች ከኛ ምድብ ነው የወጡት፣ ይሄን የሚረሱ ሰዎች "ምድቡን አላለፉም" ሲሉ ስሰማ ደሜ ይፈላል።

ሩስተንበርግ ላይ ከተሸነፍን በኋላ ማንም ቶሎ አልወጣም፣ ተጫዋቾቹ ወደ መልበሻ ክፍል እስኪገቡ ድረስ አጨበጨብን፣ ሱቅ ያላቸው ልጆች ግን በነጋታው በጠዋት መክፈት ስላለባቸው ከስታዲየሙ በር ነው የተሰነባበትነው፣ ስልክ ተቀያይረን፣ ያ አልዙ ማደያ ላይ የተገናኙት ሁለት ልጆችም አብረው በአንድ መኪና ሄዱ፣ አንዱ ሌላው ያለበት ከተማ ሊሰራ ወስኖ ነበር። በዛው አመት ክረምት ላይ ደሞ አጥቂው ጌታነህ ከበደ ከደደቢት ወደ ጆበርጉ ክለብ ቢድቬስት ዊትስ መጣልን፣ የዊትስ ሜዳ ያለበት ብራምፎንቴይን ከጄፒ በእግር የሚኬድ ስለሆነ ዊትስ በሜዳው ሲጫወት ባንዲራችንን ይዘን መሄድ ጀመርን፣ የዊትስ ደጋፊዎችም ወዲያው ለመዱን፣ ጌታነህ ተቀይሮ ሲገባ ዞር ብለው እኛን ያዩ ነበር።