አንድ ደረቅ ሌሊት

ደብረ ብርሃንን የሚያውቅ ይረዳኛል። በኅዳር ሌሊት ውርጩ ሣሩን ያነጣዋል። እኔ ግን ላብ አጥምቆኝ እነቃ ነበር። ቀሚሴን ቀይሬ፣ አንሶላውን ገልብጬ እተኛለሁ፤ ሳይነጋ እሱም ይረጥባል። 2009 ዓ.ም. ነበር።

«ብርድ መቶሽ ነው» አሉኝ ጎረቤቶቼ። እኛ ጋ ሁሉም ነገር ብርድ ነው። ፌጦ በሎሚ ጠጣሁ፣ ዳማከሴ ታሸሁ። ሳሉ ወይ ፍንክች። ቀሚሴ ሁሉ ሰፋብኝ።

ጻድቃኔ ማርያም ሄጄ ሱባኤ ያዝኩ። ጸሎቴ ትንሽ ነበረች፦ «እመቤቴ፣ አንድ ሌሊት ብቻ ሳያልበኝ ልደር።» ትልቁን ለመለመን አፍሬ ነበር። አንድ ሽማግሌ አባት ስስል ሰሙኝ።

«ልጄ፣ ከጀመረሽ ስንት ጊዜ ሆነ?»

«ሁለት ወር አለፈው አባቴ።»

«ተመርምረሻል?»

ዝም አልኩ።

«ነገ ሂጂ። ጠበሉ አይሸሽም፤ ተመልሰሽ ትጠመቂያለሽ።»

ያባረሩኝ መስሎኝ ከፋኝ። አሁን ሳስበው፣ ተጠጋግተን በምናድርበት ቤት ስንቱ ላይ ስስል እንዳደርኩ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

አክታዬ በማይክሮስኮፕ ታይቶ ምንም የለም ተባለ። ደስታዬ አልቆየም፤ ደሜ ላይ ኤች አይ ቪ ተገኘ። (ከየት እንደመጣ የቤቴ ጉዳይ ነው፣ አልጽፈውም።) ሲስተሯ ግን በዚያ አልለቀቀችኝም። አክታዬን ጂን ኤክስፐርት ለሚባለው ማሽን ላከችው። ቲቢም አለ።

የመንዝ ልጅ መሆኔን ስታውቅ በበግ በረት አስረዳችኝ። የቲቢ ባክቴሪያ ከአየር ጋር ተስቦ ሳንባ ይገባል። የሰውነት ወታደሮች ከበው ያጥሩታል፤ ብዙ ሰው ላይ እዚያው ታጥሮ ዕድሜ ልክ ይተኛል። ኤች አይ ቪ ደግሞ የሚገባው ጠባቂዎቹ ውስጥ ነው፣ ሲዲ ፎር የሚባሉት። እነሱው ውስጥ ይራባል፣ እነሱኑ ይጨርሳል። «እረኛው ሲያልቅ ጅቡ ምን ይጠብቃል?» አለችኝ። የእኔ ሲዲ ፎር 64 ነበር፤ የጤነኛ ሰው ከ500 በላይ ነው። የገረመኝ ሌላው ነው። ሳንባን ቦርቡሮ አክታውን በባክቴሪያ የሚሞላው፣ ለካ አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት ራሱ ሲዋጋ ነው። እኔ ውስጥ የሚዋጋ ስላልነበረ አክታዬ ንጹሕ መሰለ።

አራት ዓይነት መድኃኒት ለሁለት ወር፣ ከዚያ ሁለቱን ለአራት ወር ታዘዘልኝ። በማግስቱ ሽንቴ ቀላ። መጀመሪያ ደነገጥኩ፣ ቀጥሎ «ጠበሉ በሽታውን እያወጣልኝ ነው» ብዬ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ሲስተሯ ሳቀች። የሪፋምፒሲን ቀለም ነው አለች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የኤች አይ ቪው ኪኒን ተጨመረ። የጸናብኝ ያኔ ነው። አንገቴ አበጠ፣ ትኩሳቱ ተመለሰ። «ወታደሮችሽ ነቅተው መዋጋት ጀምረው ነው፤ እንዳታቋርጪ» ብትለኝም ማን ያምናል? መድኃኒቱን ልጥለው ስል እኚያ አባት ትዝ አሉኝ። እየተነጫነጭኩ ዋጥኩ።

ጥር 21፣ የአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ ጠዋት ነቃሁ። አንሶላውን ዳሰስኩ። ደረቅ። ገለበጥኩት። ደረቅ። ከዚያ እንባዬ መጣና እኔው አረጠብኩት።

ቲቢው በስድስት ወሩ ለቀቀኝ። ኤች አይ ቪው ዛሬም አለ፤ ሲለካ ግን እስከማይታይ ድረስ አንሷል። ድኛለሁ ብዬ አልዋሽም። የለመንኩት አንድ ሌሊት ነበር፣ እሱን ከብዙ ሌሊት ጋር ተሰጠኝ።

በዓመቱ ስለቴን፣ ጥላ ይዤ፣ ጻድቃኔ ተመለስኩ። እኚያን አባት አገኘኋቸው። ጥላውን እንኳ ዞር ብለው አላዩትም።

«የማታውን ኪኒን ይዘሻል?» አሉኝ።

ቦርሳዬን ከፍቼ አሳየኋቸው።